ውሃን ሽቅብ ያስወጣው ሙሴ ኢልግ፦ ከእንጦጦ ምንጭ እስከ ሰበታ ሐዲድ



ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የምትኖሩ ከሆነ ይህን ሳታዩ አትቀሩም። አዲስ ቤት የሚሠራበት ግቢ ውስጥ ሁለት ሰዎች ውሃ የሞላ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ ይዘው ይቆማሉ። አንዱ ከዚህ ጥግ፣ አንዱ ከዚያ ጥግ። ቱቦው መሐል ላይ መሬት ለመሬት ይጎተታል፣ ድንጋይ ላይ ይወጣል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ጫፍ ላይ ያለው ውሃ ግን እኩል ቁመት ላይ ይቆማል። ምልክት ያደርጋሉ፣ በቃ፣ ግድግዳው ልኩን አገኘ። ውሃ ልክ የምንለው እሱን ነው።

ዛሬ የምንነግራችሁ በዚችው ብልሃት ከ130 ዓመት በፊት የአዲስ አበባን ሰው አፍ ስላስያዘ መሐንዲስ ነው። አልፍሬድ ኢልግ ይባላል። በታሪክ መጽሐፍ ላይ የምኒልክ አማካሪ ተብሎ በአንድ መስመር አልፋችሁት ይሆናል። እኛ ግን ሰውየውን የወደድነው በአማካሪነቱ ሳይሆን በእጁ ነው። ስለዚህ ሕይወቱን እየተረክን፣ በየመሐሉ ከልጆቻችሁ ወይም ከታናናሾቻችሁ ጋር ቤት ውስጥ ልትሞክሯቸው የምትችሉትን ነገሮች ጣል ጣል እናደርጋለን። ብዙ ብር አይጠይቁም። አንዳንዱን እኛም ሞክረን ምንጣፍ አርሰናል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ካልገለጽን በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኢልግ የተወለደው መጋቢት 30 ቀን 1854 ፍራውንፌልድ በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ነው። መሐንዲስ ከመሆኑ በፊት መካኒክ ነበር። ወርክሾፕ ገብቶ፣ እጁን በግራሶ አቆሽሾ ሙያውን ከተማረ በኋላ ነው ዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገብቶ ምሕንድስና ያጠናው። ኋላ አይንስታይን የተማረበት ትምህርት ቤት ማለት ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያዙልን፤ መጀመሪያ ብሎን፣ ቀጥሎ ቀመር። ሸዋ ሲደርስ ያዳነው እሱ ነው።

ያኔ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። ከአውሮፓ የእጅ ሙያ ያለው መሐንዲስ እንዲመጣላቸው ኤደን ወደብ ላይ በነበሩ የስዊስ ነጋዴዎች በኩል አስጠየቁ። ኢልግ ሁለት የሙያ ጓደኞቹን ይዞ በ1878 ተነሣ፤ ከባሕሩ ዳርቻ በበረሃው አድርጎ በ1879 መጀመሪያ አንኮበር ደረሰ። ገና 25 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ዛሬ ብዙ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ የሚፈልግበት ዕድሜ ነው።

መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ድልድይ አይደለም፣ ቤተ መንግሥት አይደለም። ጫማ! ንጉሡ ጫማ እንዲሠራላቸው እንደጠየቁት ይነገራል። ሰውየው ጫማ ሰፊ አልነበረም፤ ቢሆንም ሠራ። ቀጥሎ ጠመንጃ ሥራ ተባለ። ከውጭ መግዛቱ እንደሚቀል ለማስረዳት ቢሞክርም ምኒልክ በጄ አላሉም፤ በመጨረሻ ሠርቶ አቀረበ ይባላል። ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የመጣ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያው ላይ ያበቃለት ነበር። እሱ ግን በወርክሾፕ ያደገ ስለሆነ አንድ ነገር ያውቃል፦ ሰው የሠራውን ሰው ይፈታዋል፤ የፈታውን ደግሞ መልሶ ይገጥመዋል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ሙከራ እናስገባ። ቤታችሁ ውስጥ የተበላሸ ሬዲዮ፣ የቆመ የግድግዳ ሰዓት ወይም የማይሠራ የልጅ መኪና አለ አይደል? ካቻቢቴና አንድ ሰፊ ትሪ አምጡና ከልጁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ፍቱት። የወጣውን ብሎን በወጣበት ተራ ትሪው ላይ ደርድሩ። በየደረጃው በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ስትገጥሙ መንገዱን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ሁለት ነገር ግን አደራ፦ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ዕቃ ከሆነ ገመዱ ተነቅሎ ይሁን፤ አሮጌ ቴሌቪዥንና የስልክ ባትሪ ደግሞ ጨርሶ አይነኩም። ቴሌቪዥን ተነቅሎም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ የስልክ ባትሪ ሲወጋ ይነዳል። ሰዓቷ መልሳ ባትሠራም ችግር የለም፤ ቀድሞም አትሠራም ነበር።

ወደ ኢልግ እንመለስ። ቀጥሎ የመጣው ከባድ ሥራ የአዋሽ ድልድይ ነበር። በ1880ዎቹ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚሄደው የንግድ መንገድ አዋሽ ላይ ሲደርስ ይቸገር ነበር፤ ወንዙ ሲሞላ ቅፍለቱ ይቆማል። አካባቢው ሞቃት ቆላ ነው፤ ለድልድይ የሚሆን ግንድ ከሩቅ ተሸክሞ ማምጣት ግድ ነበር። ምስማሩና ብሎኑም ከሱቅ አይገዛም፤ እዚያው ብረት እየጋለ እየተቀጠቀጠ ነው የተሠራው። ይህን ያደረገው ኢልግ ብቻውን እንዳይመስላችሁ። ግንዱን የተሸከመው፣ ወናፉን ያናፋው፣ ብረቱን የቀጠቀጠው የአገሩ ሰው ነው። የኢልግ ስም በየመጽሐፉ አለ፤ የእነሱ ግን የለም። ይህ ነገር እኛን ሁሌም ያንገበግበናል።

ስለ ድልድይ ለልጅ ማስረዳት ከፈለጋችሁ አንድ የደብተር ወረቀት በቂ ነው። ሁለት መጽሐፍ በአንድ ስንዝር ርቀት አስቀምጡና ወረቀቱን እንዳለ ከላይ ዘርጉት። አንድ ሳንቲም ስታስቀምጡበት ይሰምጣል። አሁን ያንኑ ወረቀት እንደ ቆርቆሮ ክዳን እጥፍ እጥፍ አድርጋችሁ መልሱት። ሳንቲም ጨምሩ፣ ጨምሩ፣ ጨምሩ። ወረቀቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ቅርጹ ነው። የቤታችሁ ጣሪያ ቆርቆሮ ለምን የተሸበሸበ እንደሆነ ልጁ ራሱ ቀና ብሎ አይቶ ይነግራችኋል። እኛ ጋ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ከአባቷ ቀድማ ነው ያገኘችው፤ አባትየው ትንሽ ተናዷል።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ውሃው።

አዲስ አበባ በ1886 ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱ የተሠራው ጉብታ ላይ ነው። ጉብታ ለጥበቃ ጥሩ ነው፤ ለውሃ ግን መከራ ነው። ውሃ በእንስራ በሰው ጀርባ ይወጣል። ከበላይ ደግሞ እንጦጦ አለ፤ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ምንጭ የሞላበት ተራራ። በነገራችን ላይ ሱሉልታዎች፣ ይህ ተራራ የእናንተም ጓሮ ነው። ጫፉ ላይ የወደቀ ዝናብ በናንተ በኩል ከፈሰሰ በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ በአዲስ አበባ በኩል ከፈሰሰ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል። አንድ ደመና፣ ሁለት ዕጣ።

ኢልግ ያሰበው ከእንጦጦ በኩል ያለውን ምንጭ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ማምጣት ነበር። ችግሩ መሐል ላይ ነው፦ ከተራራው ወርዶ ዝቅ ያለውን ቦታ አቋርጦ እንደገና ወደ ጉብታው መውጣት አለበት። ውሃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድም፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። የቤተ መንግሥቱ ሰዎችም የሚያውቁት ይህንኑ ነበር። ፓምፕ የለ፣ ሞተር የለ፣ ታዲያ ማን ገፍቶት ሊወጣ ነው?

በ1894 ገደማ ቧንቧው ተዘርግቶ አለቀ፤ ውሃውም ቤተ መንግሥቱ ግቢ ደርሶ ፈሰሰ። የምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ነገሩን እንደ ትልቅ ክስተት መዝግበውታል፤ ቅኔም ተገጥሞለታል። ዛሬ የቧንቧ ውሃ መምጣቱ ሳይሆን መጥፋቱ ነው ወሬ የሚሆነው፤ ያኔ ግን በፈረቃ የሚጠብቅ እንኳ አልነበረም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ነገር ነው።

ምሥጢሩ የግንበኞቻችን ቱቦ ነው። በአንድ ቱቦ የተገናኘ ውሃ ሁለቱም ጫፍ ላይ እኩል ቁመት ካላገኘ አያርፍም። አንደኛው ጫፍ ከፍ ካለ፣ ከፍ ያለው ውሃ በክብደቱ ሌላውን ይገፋዋል። እንጦጦ ከቤተ መንግሥቱ ጉብታ በጣም ከፍ ስለሚል፣ መሐል ላይ የቱንም ያህል ቢወርድ ውሃው ተገፍቶ መውጣቱ አይቀርም። ፓምፑ ተራራው ራሱ ነው።

ይሄኛው ሙከራ ሳይሠራ የሚታለፍ አይደለም። የሚያስፈልገው ሁለት ሦስት ሜትር ግልጽ የላስቲክ ቱቦ (ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በሜትር ይቆረጥላችኋል)፣ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ፕላስተርና ባሊ ነው። ጠርሙሱን ከወገቡ ቁረጡና የላይኛውን ክፍል ዘቅዝቁት፤ አንገቱን ከቱቦው ጋር በፕላስተር ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ይህ እንጦጦ ነው። ትልቁ ሰው እንጦጦን ከፍ አድርጎ ይያዝ። ቱቦው መሐሉ ወለል ላይ ይተኛ፤ ያ ሸለቆው ነው። ልጁ ሌላውን ጫፍ ይያዝ፤ ቤተ መንግሥቱ እሱ ጋ ነው። አሁን ቀስ እያላችሁ ውሃ አፍስሱ። በቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ውሃውን ይዘጋዋልና ቱቦውን ነቅነቅ አድርጋችሁ አስወጡት። ከዚያ ልጁ ጫፉን ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ ያድርግ። ከእንጦጦ በታች እስከሆነ ድረስ ይፈሳል። እኩል ሲሆን ይቆማል። በላይ ካደረገው ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ የአባትየውን እጅጌ ያርሳል። እውነት ለመናገር ልጆቹ የወደዱት ይሄኛውን ክፍል ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ሸለቆው ላይ ያለው ቧንቧ ከሁሉም የበለጠ ይጨነቃል። ውሃ በየ10 ሜትር ጥልቀቱ በምንተነፍሰው አየር ግፊት ልክ ተጨማሪ ግፊት ያመጣል። ስለዚህ ታች ያለው መገጣጠሚያ ደካማ ከሆነ ይፈነዳል። ይህን ለማሳየት አንድ ጠርሙስ ጎኑ ላይ በምስማር ሦስት ቀዳዳ አብጁለት፤ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች። ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን ክፈቱት። የታችኛው ውሃ በኃይል ሲወረወር፣ የላይኛው ወዲያው ሥሩ ጠብ ጠብ ሲል ታያላችሁ። ቡራዩዎች ደግሞ ትልቁን ማሳያ ለማየት ሩቅ አትሄዱም፤ ገፈርሳ አጠገባችሁ ነው። ለአሥርት ዓመታት አዲስ አበባን ሲያጠጣ የኖረ ግድብ ነው፤ ልጆቹን ይዛችሁ በመንገዱ ስታልፉ ከተማው ከግድቡ ዝቅ ብሎ መተኛቱን አሳዩአቸው። ውሃው አጠገብ ግን አትውረዱ፤ መዋኛ አይደለም።

የኢልግ ሕይወት ግን ቧንቧና ድልድይ ብቻ አልነበረም። የመሣሪያ ግዢውም ውስጥ እጁ ነበረበት። እነዚያ ጠመንጃዎች ዓድዋ ላይ ወራሪን መልሰዋል፤ በሌላ ቦታ ደግሞ በዚችው አገር ሕዝቦች ላይ ተተኩሰዋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ነግረን ሌላውን ብንተው አትመኑን። ከዓድዋ በኋላ በ1897 ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በተደረጉት ስምምነቶች ከምኒልክ ጎን ሆኖ ሠርቷል፤ በዚያው ዓመትም የመንግሥት አማካሪ የሚል ማዕረግ አገኘ። እነዚያን ዓመታት እዚህ በዝርዝር አንገባባቸውም፤ ሌሎች በብዛት ጽፈውበታል።

አንዲት ነገር ግን እንዳታመልጣችሁ። የፈረንሳዩ ታዋቂ ገጣሚ አርቱር ራምቦ ግጥም ትቶ ሐረር ላይ ነጋዴ በነበረበት ጊዜ ከኢልግ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። አንድ ጊዜ ራምቦ በቅሎና ሁለት ባሮች እንዲልክለት ጠየቀው። ኢልግ የባሮቹን ጉዳይ እምቢ አለ፤ ባሪያ ገዝቶ እንደማያውቅና መጀመርም እንደማይፈልግ በግልጽ ጻፈለት። የባሪያ ንግድ ተራ ነገር በነበረበት ዘመን ነው ይህ የሆነው።

ከሁሉም በላይ ልቡ የነበረው ባቡር ላይ ነው። መጋቢት 9 ቀን 1894 ምኒልክ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረርና እንጦጦ ድረስ፣ ቀጥሎም ወደ ምዕራብ የሚሄድ የባቡር መስመር እንዲሠራ ለኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡት። ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሸፍኔ ሸሪኩ ነበር። በ1896 ኩባንያው ተቋቋመ፤ በ1897 ጅቡቲ ላይ ሥራ ተጀመረ። በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ተራራውን መውጣት ከባድ ስለሆነ እዚያው ቆመ፤ በቆመበትም ድሬዳዋ የምትባል ከተማ በቀለች።

ከዚያ ብሩ አለቀ። የፈረንሳይ መንግሥት ገንዘብ ሲያስገባ እንግሊዝና ጣሊያን ተቆጡ፤ ምኒልክም ባቡሩ የባዕድ መንግሥት ንብረት ሊሆን ነው ብለው ተጠራጠሩ። ኩባንያው ከሰረ። በጭቅጭቁ መሐል ኢልግ የቀድሞ ቦታውን አጣ፤ በ1907 ሥራውን ለቆ ዙሪክ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጠ። ባለቤቱ ፋኒ ጋቲከር ትባላለች፤ በ1895 ነበር የተጋቡት። ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸው ብዙ ዕቃዎችና ፎቶዎች ዛሬም ዙሪክ ውስጥ ሙዚየም አሉ።

ሥራውን ጀምሮ የለፋበት ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ግን አላየውም። ኢልግ ጥር 7 ቀን 1916 ዙሪክ ውስጥ ሞተ። በኛ ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ማለት ነው፤ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር እዚህ የገና ዕለት ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917፣ አንድ ዓመት ቆይቶ ነው።

ሰበታዎች፣ አሁን ተራው የናንተ ነው። በ2016፣ ኢልግ በሞተ በ100 ዓመቱ፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ተመረቀ። ወደ 750 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ይህ ሐዲድ ወደ ጅቡቲ የሚነሣው ከሰበታ ነው። የድሮው ሐዲድ ወርድ አንድ ሜትር ነበር፤ የአሁኑ 1.435 ሜትር ነው። ባቡር ግን ያኔም ዛሬም አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ መሪ የለውም፣ ታዲያ ሲታጠፍ ለምን አይወጣም?

ብዙ ሰው ጎማው ጠርዝ ላይ ያለው ከንፈር ነው የሚይዘው ይላል። ከንፈሩ ለክፉ ቀን ነው። ዋናው ሥራ የጎማው ቅርጽ ነው፤ ጎማው ሙሉ ክብ በርሜል ሳይሆን እንደ ኩባያ ወደ ውጪ እየጠበበ የሚሄድ ነው። ሁለቱ ጎማዎች ደግሞ በአንድ ብረት የተጣበቁ ስለሆኑ አብረው ነው የሚዞሩት። ባቡሩ ወደ ግራ ሸርተት ካለ የግራው ጎማ በወፍራሙ፣ የቀኙ በቀጭኑ ይረግጣል፤ ወፍራሙ ብዙ መንገድ ስለሚሄድ ባቡሩን ወደ መሐል ይመልሰዋል።

ለዚህ ሁለት የወረቀት ቡና ኩባያ፣ ፕላስተርና ሁለት ቀጥ ያሉ ረጃጅም እንጨቶች በቂ ናቸው። እንጨቶቹን እንደ ሐዲድ ጎን ለጎን፣ በአንድ በኩል ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ኩባያዎቹን መጀመሪያ ቂጥ ለቂጥ አጣብቃችሁ ልቀቋቸው፤ ጥቂት ሄደው ይወድቃሉ። ቀጥሎ አፍ ለአፍ አጣብቁና ሆን ብላችሁ ትንሽ አጣማችሁ ልቀቁ። እየተወዛወዙ ራሳቸውን እያስተካከሉ እስከ ታች ይወርዳሉ። ልጁ ለምን እንደሆነ ሲጠይቃችሁ ቶሎ አትመልሱለት፤ ሁለቱንም ኩባያ ስጡትና ደጋግሞ ይሞክር።

እኛ የሞከርነው በሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ነበር። ቅርፊቱ ካልተላጠ አይሠራም፤ ሁለት ሰዓት ያደከመን እሱ ነው።